ከቬርሳይ የተመለሱት

ልጅ ሳለሁ የጅብና የቀበሮ ተረት የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔ ያደግኩት በመኪና ተረት ነው። ተራኪው ጋሽ ሎምቤ ይባሉ ነበር። ከአባቴ ጋር ከአንድ መንደር የመጡ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ቮስሎሩስ በምትባል ሰፈር ባለው ሱቃችን ጓዳ አብረውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። መኪና መንዳት አይችሉም፤ ስለ መኪና ግን የማያውቁት የለም፣ ወይም እሳቸው እንደዚያ ያስቡ ነበር። ጆሃንስበርግ ውስጥ በሚዘጋጀው ትልቁ የመኪና ትርዒት ላይ ጎብኚ የነካካውን መኪና በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የመኪና ትርዒት ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ በፎቶግራፍ ተሰቅሎ አይተዋል። ያዩትን፣ ያላዩትንም ጨምረው፣ መብራት በጠፋ ምሽት ፋኖሱን የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀምጠው ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለናቲ ያወሩልናል።

ከሁሉም የምወደው የፓሪሱን ነበር። ያኔ፣ ይላሉ፣ ሰው ከፈረስ በቀር የሚያምነው ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ ፓሪስ ውስጥ አንድ የአትክልት ቦታ ላይ የመኪና ትርዒት ተዘጋጀ። ግን ዝም ብሎ መግባት የለም። እያንዳንዷ መኪና መጀመሪያ ከፓሪስ ቬርሳይ ድረስ ሄዳ መመለስ አለባት። በገመድ ተጎትታ አይደለም፣ በፈረስም አይደለም፣ በራሷ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ባለ ትልቅ ጢም ነው፤ ጢሙን የጨመሩት እሳቸው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ትርዒቱ አደገ፣ ጦርነት ሁለት ጊዜ ዘጋው፣ ሁለቴም ተከፈተ፣ ሌሎች ከተሞችም የየራሳቸውን ጀመሩ፤ በመጨረሻም እኛ ከተማ ደርሶ ጋሽ ሎምቤን ቀጠረ። ናቲ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያቋርጣቸዋል። «ያልተመለሰችውስ?» ይላል። እሳቸውም እየሳቁ፣ «ያልተመለሰች አትገባማ! ቀረች!» ይሉታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከታችኛው መንገድ የጎማ ጭስ ተነሳ። የውጭ አገር ሰዎችን ሱቅ እየሰበሩ ነው የሚል ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ለስልክ ሲዞር ነበር። እናቴ ያኔ ለቅሶ ልትደርስ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ሄዳለች። አባቴ ባኪ የምንላትን ፒካፕ በር ላይ ካዩ እንዳለን ያውቃሉ ብሎ ሊያርቃት ተነሳ።

«ጋሼ፣ ልጆቹን አደራ። ድምፅ እንዳይሰማ። ደብቄያት በእግሬ እመጣለሁ» አለ።

ከዚያም ከውጭ ቆለፈብን። ያኔ የእኛ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ በሩ ላይ ጓጉንቸር ከተንጠለጠለ ሰው የለም ብለው ያልፋሉ ይባላል። ባዶ ሱቅ ይበልጥ እንደሚዘረፍ ማንም አላሰበም። በበሩ ቀዳዳ እጅ አሾልከን የምንከፍትበት ትርፍ ቁልፍ እዚያው አባቴ የቁልፍ መያዣ ላይ መሆኑን ያወቅነው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ጋሽ ሎምቤ መሳቢያውን ሁለት ጊዜ አገላብጠው ፈለጉ፤ ከዚያ ላባቸውን ጠርገው አጠገባችን ተቀመጡ።

ጩኸቱ እየቀረበ መጣ። ጭሱ በበሩ ሥር ይገባል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ማሳል ግን አይቻልም። እሳት ቢለቁብን በየት እንወጣለን ብዬ አሰብኩ። ናቲ ሊያለቅስ ከንፈሩን ሲያጣምም ጋሽ ሎምቤ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ አፋቸውንም ጆሯችን ላይ ለጥፈው የፓሪሱን ተረት ጀመሩ። የዘበኛውን ጢም ረሱት።

ናቲ በሹክሹክታ፣ «ያልተመለሰችውስ?» አለ።

ጋሽ ሎምቤ ወደ በሩ አዩ። «መንገድ ላይ ነች፣ ልጄ» አሉ።

ተረቱን በቃሌ አውቀው ነበር። እንደዚያ አይልም። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ፤ ጋሽ ሎምቤም አባቴ እንዳይቀር ፈርተዋል ማለት ነው። ትልቅ ሰው መፍራቱን ከማወቅ የባሰ ነገር ለልጅ የለም።

ድንጋይ ጣሪያውን መታው። አንድ ሰው ጓጉንቸሩን ይዞ ነቀነቀው። የናቲን አፍ በእጄ ያዝኩ፤ ጥርሱ መዳፌ ውስጥ ገባ። ያኔ ጎጎ የምንላት የጎረቤት አሮጊት ድምፅ ከውጭ ተሰማ፦ «ባሃምቢሌ! ባሃምቢሌ!» ሄደዋል፣ ዕቃቸውንም ጭነው ሄደዋል እያለች ትጮህባቸዋለች። ያን ቀን ጠዋት ዳቦ የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ እንዳለን ታውቃለች። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጓጉንቸሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ማን እንደሆነ አላወቅንም። ጋሽ ሎምቤ ተነስተው፣ ያን ያህል ቀጭን ሰው፣ የመወልወያ ጨርቃቸውን እንደያዙ በእኛና በበሩ መካከል ቆሙ። በሩ ተከፈተ፤ አባቴ ነበር። ሸሚዙ ተቀዷል፣ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል፣ በአንድ እግሩ ጫማ የለም። ባኪዋ ተቃጥላለች። ናቲ ሮጦ እግሩን አቀፈና፣ «በራስህ ነው የመጣኸው? ማንም አልጎተተህም?» አለው። ጋሽ ሎምቤ ፊታቸውን በጨርቁ ሸፍነው አለቀሱ።

ዛሬ እዚያው ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር እኖራለሁ። ጋሽ ሎምቤ አርፈዋል። ትርዒቱም ይቋረጣል ይቀጥላል፣ እኔ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም። ተረቱን ግን ለልጄ እነግራታለሁ፣ ጢሙን ጭምር። እሷም እንደ አጎቷ ያልተመለሰችውን ትጠይቃለች። ያን ቀን አባታቸው ያልተመለሰላቸው ልጆች ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብለው ይኖሩ ነበር፤ ስማቸውን ዛሬም አውቃለሁ። «ቀረች» ማለት አልችልም። «መንገድ ላይ ነች» እላታለሁ፤ እሷም ታምነኛለች። እኔ ግን ተነስቼ ቁልፉ በውስጥ በኩል መሰቀሉን አያለሁ።