ባቡር ነጂው ይዘውት የኖሩት ጥያቄ

ዲቪና ከሰዓት በኋላ አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ግን የክፍሉ ሰነፍ ተማሪ። ከፊሊፒንስ ወደ ጃፓኗ ኡኦዙ ከተማ የመጣችው ነርስ ሆና ልትሠራ ነበር፤ ጃፓንኛዋ ካልተቃና ግን ነርስነቱ ሕልም ሆኖ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የከተማው ቋንቋ ክፍል ገብታ ስትንተባተብ ትውላለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ በሰፈሩ አዳራሽ ጡረተኞችን እንግሊዝኛ እያስተማረች ታንተባትባለች። ዓይን አፋርነቷ ለጉድ ነው። ዳቦ ቤት ገብታ፣ ሻጯ ቀና ብላ ስታያት የምትፈልገውን ሳትናገር የወጣችበት ቀን ብዙ ነው።

ከተማሪዎቿ ሁሉ የከበዷት ኩዋባራ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ። ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረው ያስተካክላሉ፣ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ጭጭ። ጥያቄ ስታቀርብላቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ይቀላሉ። እዚያ አገር ሰው ፊት ከመሳሳት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ዲቪናም ብትሆን ልትፈርድባቸው አትችልም።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ፣ በተሰባበረ ጃፓንኛዋ ጠየቀቻቸው።

«አቶ ኩዋባራ፣ እንዲህ ዝም ሊሉ ነገር ለምን ይደክማሉ?»

ሽማግሌው ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ መለሱ።

«ልጄ ቺዙ አውስትራሊያ ነው የሞተችው። ተጣልተን ነው የሄደችው። እዚህ በነበረችበት የመጨረሻ ዓመት ጥርሷን አይቼው አላውቅም። አሁን በመከር ልጇ ኤሪን ልታየኝ ትመጣለች። ጃፓንኛ አትችልም። እናትሽ እዚያ ትስቅ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት ነው።»

«እኔ ላስተርጉምልዎ እንዴ?»

«ይሄ በሰው አፍ የሚጠየቅ አይደለም፣ ቲቸር።»

አንጀቷን በሉት። አብረው ወጡ፤ እሳቸው ብስክሌታቸውን እየገፉ። መንገድ መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ክንዳቸውን ዘረጉና በጣታቸው እየጠቆሙ «ቀኝ፣ ነጻ! ግራ፣ ነጻ!» ብለው ጮኹ። ዲቪና ክው አለች። የዚያ አገር ባቡር ነጂ መብራቱንም ሰዓቱንም በጣቱ እየጠቆመ፣ ያየውን ጮክ ብሎ ሳይናገር ንቅንቅ አይልም፤ ኩዋባራንም ልማዱ ጡረታ ወጥተው እንኳ አልለቀቃቸውም።

«ይሄን ድምፅ የት ደብቀው ነው ክፍል የሚገቡት?» ብላ ሳቀችባቸው።

በሚቀጥለው ትምህርት አስነሳቻቸው። «ይጠቁሙ፣ ያዩትን ይጥሩ!» አለች። «መስኮት! ክፍት!» አሉ ኩዋባራ በእንግሊዝኛ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። «ሻይ! ትኩስ!» ሌሎቹ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በሳቅ ፈረሱ፤ ከዚያ እነሱም ተነሡ። የሚጠቁም ሰው ሐሳቡ ነገሩ ላይ ስለሚሆን ማፈሩን ይረሳል መሰለኝ። ሲጨርሱ ኩዋባራ ወደ ዲቪና ዞሩ።

«አሁን የቲቸር ተራ! በጃፓንኛ!»

«እኔ... በር...» አለች ለራሷ።

«ሆድሽ ውስጥ አታውሪ! መንገደኛው ባቡር ሊያመልጠው ነው!»

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ የሁለቱም ሆነ፤ ለኩዋባራም ያቺን ለኤሪን የሚያቀርቧትን ጥያቄ ታስጠናቸው ጀመር። ዲቪና ዳቦ ቤት ገብታ ያሰኛትን አዘዘች፣ አልፎ ተርፎም ሻጯን አሳቀች። ይህን ውለታ እስከ ዛሬ ታነሣለች፤ ኩዋባራ ባይኖሩ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር ትላለች።

ኤሪን መጣች። ኩዋባራ ዲቪናን እራት ጠሯትና «ዳር ቁጭ በይልኝ፤ ግን ትንፍሽ እንዳትይ» ብለው አስጠነቀቋት። ዓሣው ተጠብሶ ቀረበ፣ ሩዙ ተጨለፈ። ሽማግሌው ጀርባቸውን አቀኑና በእንግሊዝኛ፣ አንድም ሳይሳሳቱ፣ ጠየቁ።

«ኤሪን፣ እናትሽ እዚያ ትስቅ ነበር ወይ?»

ልጅቷ መመገቢያ እንጨቷን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ መናገር ጀመረች። ንግግሯ እንደ ጎርፍ ነው የወረደው። ዲቪና ያኔ ነው ጥፋቷ የታያት፤ ጥያቄውን ስታስጠና ከርማ፣ መልስ የሚባል ነገር መኖሩን አላሰበችም። ኩዋባራ አንዲት ቃል አልያዙም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ቲቸር» አሉ ቀስ ብለው። «ምን አለችኝ?»

ይህ የዳቦ ጉዳይ አይደለም። ዲቪና ግን ቀና አለች።

«ትስቅ ነበር አለች» አለች በጃፓንኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በጣም። ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ። ታማ ተኝታ እንኳ ነርሶቹን ታስቅ ነበር። 'ሳቄ የአባቴ ነው፣ ከሱ ነው የወረስኩት' ትል ነበር አለች።»

የተዛነፈው ቃል ብዙ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። ዲቪና እነዚያን የተንተባተበችባቸውን ጠዋቶች ሁሉ በሆዷ አመሰገነች።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ዲቪና ዞሩ።

«ድገሚልኝ፣ ቲቸር» አሉ።

ደገመችላቸው።