የአራተኛ ቤት ልጅ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም መግደፌን ተናግሬአለሁ፤ በእናቴ ላይ መነጫነጬን ተናግሬአለሁ፤ በቅዳሴ መካከል ሳቅ እንዳመለጠኝ ሳይቀር ተናግሬአለሁ። ይህን ግን ምላሴ ሥር ይዤው ገብቼ ምላሴ ሥር ይዤው ወጣሁ። «ሌላስ የለም፣ ልጄ?» አሉኝ። «የለም፣ አባ» አልኳቸው።

ታዲያ አሁን ብዙዎቻችሁ ለማታውቁኝ ለእናንተ የምጽፈው ለምንድን ነው? ምናልባት ቀኖና ስለማትሰጡኝ ይሆናል። ምናልባትም መጻፍ እንደምችል ስላወቅሁ ነው። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ እጄ አርፎ አይቀመጥም። እውነቱን ልንገራችሁና ይህንንም ስጀምር ደስ ብሎኛል። ኑዛዜ ደስ ሊል ይገባዋል? እንግዲህ ከመነሻው ተጠራጠሩኝ። እኔም ራሴን እየተጠራጠርኩ ነው የምጽፈው።

ያልሰረቀችን ልጅ ሌባ ብያለሁ።

ዓይናለም ትባላለች። የአንድ አጥቢያ ልጆች ነን። በአካባቢያችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ መሐል ሜዳ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንማር ነበር፤ የገጠር ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው። ዓርብ ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። የእኔ በሶ በአንድ ማዳበሪያ፣ የእሷ በሌላ ማዳበሪያ፣ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብርዱ ሲጠና እግሯን ከእግሬ ሥር ትሰካና «ኪራይ አልከፍልም» ትለኛለች። እንዲህ ያለች ልጅ ናት።

ስለ ዘሯም ልንገራችሁ፤ ነገሩ የመጣው ከዚያ ነው። የዓይናለም የአያቷ አያት በርስት ሙግት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይዞ በሐሰት ማለ ይባላል። መሬቱን ያጡት የእኔ አባቶች ናቸው ይባላል። ቄሱም እስከ ሰባት ቤት ገዘቱት ይባላል። ይባላል፣ ይባላል የምለው ያየ ሰው ስለሌለ ነው። አያቴ ግን እንዳየ ሰው ነው የሚናገሩት። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዝምድና እንዳይኖራቸው ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በአጥቢያው ቆጣሪው አያቴ ናቸው። ጣታቸውን እያጠፉ የሙታኑን ስም ያለ ስሕተት ይወርዱታል። ግዝቱንም በዚያው ጣት ይቆጥሩታል። ከዓይናለም ጋር ልከራይ ነው ስላቸው፣ «አራተኛ ቤት ናት» አሉኝ። «ገና ሦስት ይቀራታል። ዕቃሽን ጠብቂ።»

ሳቅሁ። ለዓይናለም ነገርኳት፤ እሷም ሳቀች። «እንግዲያው የልጅ ልጄ የልጅ ልጅ ነጻ ትወጣለች። አደራ፣ ንገሪልኝ» አለችኝ።

ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አንድ ሳምንት በሶዬ ከረቡዕ አላለፈም። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ለምን ከእኔ ቀድማ ከትምህርት ቤት ተመለሰች? ለምን ዛሬ ብዙ ትስቃለች? ሳትስቅ ስትውል ደግሞ፣ ምን ደብቃ ነው ዝም ያለችው? አያችሁ፣ ለተጠራጣሪ ሁለቱም ይመቸዋል። አንድ ሰኞ ጠዋት የማዳበሪያውን አፍ ፈትቼ መዳፌን በሶው ላይ ተጫንኩት። አምስቱ ጣቶቼ ቁልጭ ብለው ታተሙ። መልሼ አሰርኩትና ምንም እንዳላደረገ ሰው ከእሷ ጋር እያወራሁ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ የእጄ ምልክት የለም።

ስለ መዳፌ ለማንም አልተናገርኩም፤ ወጥመድ ማጥመዴ አሳፈረኝ። ግቢ ውስጥ፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለና የጎረቤት ተከራይ ልጆች እየሰሙ፣ «በሶዬን የምትወስጂው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«የእኔ ሞልቶ እያለ?»

«እሱን ዘርሽን ጠይቂ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። ከልጆቹ አንዷ «ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኸ ነው» ስትል አልተቆጣሁም፤ የሚያግዘኝ በማግኘቴ ደስ አለኝ። ዓይናለም አላለቀሰችም። ማዳበሪያዋን ተሸክማ ወጣች። ወሬው ቀድሟት በየግቢው ስለደረሰ የሚያስጠጋት አላገኘችም። ትምህርቷን አቋርጣ አገሯ ገባች።

ያን ዓርብ ቤት ደርሼ ስናገር አያቴ «አላልኩሽም?» ብለው ለጎረቤት ሊያወሩ ወጡ። እናቴ ግን ጓዳ ጠራችኝ። «በሶውን ያሳነስኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ገብሱን ውርጭ መታብን። እህሉ ቶሎ አልቆ አያትሽ ‹ቤቱን አላኖርሽም› እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ዝም በይልኝ፣ ልጄ።» መሐል ሜዳ ስመለስ ደግሞ እትዬ አስካለ፣ «ሰኞ ለታ ጣሪያው ሲያፈስ ማዳበሪያሽን ጎትቼ አዛውሬ መልሼልሽ ነበር፣ ረጠበ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ሁሉንም አወቅሁ፤ የመዳፌን ምልክት ያጠፋው ያ መጎተት ነው። አውቄ ዝም አልኩ። እናቴን ለማዳን ነው ብል ዋሸሁ፤ የእናቴን ስም ሳላነሳ «ተሳስቻለሁ» ማለት እችል ነበር። ዝም ያልኩት ልክ መሆን ስለጣመኝ ነው። የዓይናለም የአያቷ አያት በሐሰት ምሎ ከሆነ እኔ በምን ተሻልኩት? እሱ መሬት ወሰደ፤ እኔ የአንዲት ልጅ ትምህርት ወሰድኩ።

በዚህ ክረምት አያቴ በርኖሳቸውን ተከናንበው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ዓይናለም አልሰረቀችም። በሐሰት የወነጀልኳት እኔ ነኝ።»

«ማን ሰማ?» አሉኝ።

«እርስዎ።»

«እኔማ ጆሮዬ ደክሟል።»

«የእኔስ እስከ ስንት ቤት ይሄዳል?»

እጃቸውን ከበርኖሱ አወጡ። ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩና መልሰው ዘረጉት። «ለልጅ አይቆጠርም» አሉ።

«ዓይናለምም ልጅ ናት።»

«ሂጂ በጎቹን መልሺ» አሉኝ።

ኃጢአት ይወረስ እንደሆነ አላውቅም፤ ሊቃውንቱን ጠይቁ። ጥርጣሬ ግን ይወረሳል፤ እኔ ወርሼዋለሁ። ቆይ፣ ይኸው ደግሞ በሽማግሌው ላሳብብ ነው። በሶው ላይ ያረፈው መዳፍ የአባባ አልነበረም።

ከዚያ ዓይናለም ቤት ሄድኩ። የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን አላቆመችም።

«እንዳልሰረቅሽ አውቃለሁ» አልኳት።

«እኔም አውቃለሁ። ሌላ አዲስ ወሬ ይዘሻል?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

«ስታዋርጂኝ ለብቻዬ ነበር? አሁን ለብቻዬ ምን ትነግሪኛለሽ?»

በመስከረም ትመለስ እንደሆነ ጠየቅኋት። ልቧ እዚያው ነው፤ መጻሕፍቷን እንኳ ለማንም አልሰጠችም። «ማን ያስጠጋኛል?» አለች። ከእኔ ጋር ሁኚ አልኳት። ያን ጊዜ እንዝርቷን አቁማ አየችኝና፣ «በሶዬን ማን ይጠብቅልኛል?» አለችኝ። ሳቀች። የድሮ ሳቋ አልነበረም።

እንግዲህ በእናንተ ፊት የምናገረው ለዚህ ነው። ይህ ወረቀት ትምህርት ሲከፈት በሰልፍ ላይ እንዲነበብ እሰጣለሁ፤ ስሜም ይጠራል። እናቴ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ አያቴ ናቸው አልልም፣ ውርጭ ነው አልልም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

የምለምናችሁ ሌላ ነገር ነው። መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ልጆች፣ ዓይናለም አብራት የምትኖር ልጅ ትፈልጋለች። እኔን አትፈልገኝም፤ ልክ ናት። ከእናንተ አንዷ ቦታ ካላት መስከረም ሳያልቅ መልእክት ትላክላት። ስለ እኔ የምትነግራችሁን ሁሉ እመኗት።