ልጄን ለእናቴ ልልክ ስል

ከድሬዳዋ ልነሳ በዋዜማው ምሽት እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረችው። «ጅቡቲ እኮ ቅርብ ነው» አልኳት። ሩቅ መሆኑ የገባኝ ጅቡቲ ከተማ ዳር ያለው ባልባላ ሰፈር ገብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ጎረቤት ለማዘን እንኳ ፋታ አይሰጥም። እዚህ ባለቤቴ በጠዋት ወደብ ይሄዳል፤ እኔ በቆርቆሮ ቤት ከሙቀቱና ከልጅቷ ጋር እቀራለሁ። እናንተዬ፣ ድሬዳዋ ይሞቃል የሚል ሰው ይህን አላየም። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እኔ አያታለሁ። የጎረቤት ልጅ በአደራ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። በራሴ አፈርኩ።

ለእናቴ ደውዬ «ሥራ ልገባ ነው፣ ልጅቷን ልላክልሽ» ብዬ ዋሸሁ። በደስታ እልል አለች። በወሩ መጨረሻ ወደ ድሬዳዋ የምትመለስ ሴት ልትወስድልኝ ተስማማች።

ከዚያ በፊት ላስከትባት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ፊቴን አይታ ልጅቷን ትታ በፈረንሳይኛ ስለ እኔ ትጠይቀኝ ጀመር። ያስተረጎሙልን የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ፋጡማ ናቸው፤ ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ።

«እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ትልሻለች።»

«እግዜር ይመስገን።»

«ምግብስ?»

«ይመስገን።»

«ልጅሽን ስታያት ደስ ይልሻል?»

«ተመስገን።»

እትዬ ፋጡማ ወደ ነርሷ መዞሩን ትተው እኔን አዩኝ። ነርሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች «አሎር?» አለች፤ «እና?» ማለቷ ነው።

«ልጄ፣ ይህን አልተረጉምም» አሉኝ። «ብተረጉመው ጤነኛ ናት ብላ ጽፋ ትሸኝሻለች። እኔ ቤቱ እየተቃጠለ ተመስገን የሚል ሰው መሃል ነው ያደግሁት። በይ እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ልወዳት እንዳልቻልኩ፣ ከእኔ ብትርቅ ይሻላታል ብዬ ልልካት እንደሆነ። ሲተረጉሙላት ነርሷ አልደነገጠችም፤ አለመደንገጧ አስለቀሰኝ። ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶችን የሚይዝ ሕመም ነው፣ ይድናል፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሽ እናወራለን አለችኝ።

ሦስት ሐሙስ ሄድኩ። በሦስተኛው ልጅቷ ጣቴን ስትጨብጥ እጄን አልነጠቅኳትም። ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለም። ድኛለሁም አልልም።

ልጅቷን ልትወስድ የነበረችው ሴትዮ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ለእናቴ ደወልኩ።

«እማ፣ አልልካትም።»

«እንዴ! አልጋ አሠርቼላት?»

ሥራ እንደሌለኝ፣ እንደታመምኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ ብቻሽን ትችያለሽ?»

«አላውቅም እማ።»

«አልጋውን ለጎረቤት ልስጠው?»

ልጅቷ ደረቴ ላይ ተኝታለች። አልቦኛል፤ ግን አላስቀመጥኳትም።

«አይ» አልኳት፣ «አሁን አትስጪው።»