ካልተማሩት ወገን

«ትምህርትዎ ምን ድረስ ነው?» አለችኝ ሔዋን፣ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አስደግፋ።

«ወይ ጉድ! ለእኔ ቢጤ ባልቴት ምን ትምህርት አለ?» አልኳት። «አልተማሩም» ብላ ጻፈች። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ሔዋን የአንጎል ተመራማሪ ናት። ዲማ ድረስ የመጣችው ጾመ ድጓን በቃላቸው የያዙ የዜማ መምህራንን ፍለጋ ነው። «አንጎል ውስጥ ክፍሉን ከክፍሉ የሚያገናኝ ነጭ ክር አለ፤ ብዙ በቃል መያዝ ክሩን ይለውጠው እንደሆነ በማግኔት መሣሪያ አንስተን እናያለን» አለች። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ያልተማሩ ሽማግሎችና አሮጊቶች ያስፈልጓታል። ጎረቤቶቼ እኔን ጠቆሙ፤ እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር? ባሌ መርጌታ ዘማርያም ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ተማሪዎቹ ሌላ መምህር ዘንድ ሄዱ፤ ልጅ አልወለድን። ከግድግዳ ጋር ከማውራት ሰው በሞላበት መኪና መሣሪያው ወዳለበት አዲስ አበባ መሄድ ይሻላል ብዬ ነው።

አርባ ዓመት ሙሉ የባሌ የዜማ ጉባኤ ከግድግዳዬ ማዶ ነበር። እነሱ ያዜማሉ፣ እኔ ጥጤን እፈትላለሁ። ጆሮ ክዳን የለው! መቼ እንደገባኝ እንጃ፤ አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ሲስት እጄ እንዝርቱ ላይ ቀጥ አለ። በዕድሜው መጨረሻ ዓመት ደግሞ መርጌታ ስሕተቱን መለየት ተሳነው። ያኔ ተማሪ በሳተ ቁጥር እኔ ከደጅ እስላለሁ፤ እሱ «መልስ!» ይላል። ራት ሳቀርብለት «ሳልሽ እንዴት ዋለ?» ይለኝና እንሳሳቃለን። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ታዲዮስ ነበር፤ የባሌ የመጨረሻ ተማሪ፣ ዛሬ ራሱ መርጌታ። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ስንወርድ፣ የቁልቁለቱን ፍርሃት ሊረሳ ነው መሰል፣ ማዜም ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ሳተ። ሳልኩ። ሳያስበው መልሶ አቀናው፤ ከዚያ ድንገት ዞሮ አየኝ።

«እማማ፣ ያ ሳል…»

«አቧራው ነው» አልኩት። መስኮቱ ዝግ ነበር።

መሣሪያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። «አይንቀሳቀሱ፣ ምንም አያስቡ» አሉኝ። ምን ይላሉ እነዚህ! ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ከዘወረደ ጀምሬ ምኩራብ ደረስኩ። ልቤ እስኪረካ አዜምኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሔዋን የአንጎሌን ፎቶ ይዛ ቤቴ መጣች።

«እማማ፣ የእርስዎ ክር የመምህራኑን ይመስላል። በአንድ ሰው ብቻ ምንም ማለት አልችልም። ግን ተምረው ከሆነ ይንገሩኝ፤ ምስክር ካለዎት ስምዎን ከተማሩት ጋር እጽፈዋለሁ።»

ስሜ ከመምህራን ጋር! ልቤ ዘለለ፣ ምን እደብቃለሁ። ምስክርም ነበረኝ፤ ታዲዮስን ማስጠራት ነው። ግን ምን ብሎ ይመስክር? «መምህራችን ሲሳነው ያረመን የሚስቱ ሳል ነው» ይበል? ከዘማርያም የተማረ ሁሉ መሳቂያ ሊሆን? አይ፣ እሱስ ይቅር።

«አልተማርኩም፣ ልጄ» አልኳት። ጥናቷን አበላሸሁባት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፎቶውን ትታልኝ ሄደች።

ፎቶውን ከመርጌታ መቋሚያ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። አሁን ስፈትል ጮክ ብዬ ነው የማዜመው፤ ማን ሰምቶኝ! ባለፈው ሰኞ ግን አንድ ቦታ ደርሼ ቆምኩ። ያልኩት ልክ ይሁን ስሕተት ጠፋኝ። እንዝርቱን እንደያዝኩ ጥቂት ጠበቅሁ። የሚስልልኝ አልነበረም።