ምልክት የሌላት መኪና

ሄርማታ ገበያ ውስጥ፣ ከመስጊዱ አጥር ተጠግቶ ሠላሳ ዓመት ጆንያ ሲሰፋ የኖረው ሀቢቡላህ በእጁ ያላለፈ የቡና ጆንያ በጅማ ምድር የለም ይባላል። የተቀደደውን ይጠግናል፣ የሳሳውን ይደርባል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን ጆንያ ላይ የቀድሞ ነጋዴ ስም ወይም ቁጥር ካየ እንቅልፍ ስለማይወስደው ነው። በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ ፈትጎ፣ ጆንያው የተወለደበትን አገር እስኪረሳ ያጠራዋል። «የሌላ ሰው ስም ያለበትን ማን ይገዛኛል?» ይላል።

ሚስቱ ረይሃና ከሦስት ዓመት በፊት ባጃጅ ተገልብጦባት ዳሌዋ ውስጥ ብረት ገብቷል። አባቷ አባቦራ የሚኖሩት ጌራ ጫካ ውስጥ ነው፤ ሚኒባስ የሚደርስበት መንገድ ካለቀ በኋላ ገና ዳገቱ ይጀምራል። እዚያ የሚወጣው ሞተር ሳይክል ብቻ ነው። ረይሃና ደግሞ እንኳን ልትፈናጠጠው ድምፁን ስትሰማ ዳሌዋ ያለቅሳል። ጉልበት ያለው መኪና የሚያከራዩትም የዳገቱን ስም ሲሰሙ ስልካቸውን ይዘጋሉ። ሽማግሌው ዘጠና አልፏቸዋል፤ ከረመዳን ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ከጌራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው መልእክት አንድ ነው፦ «ልጄን ሳላያት አትቅበሩኝ።»

«ማሎ ሀቢብ፣ እባክህ» አለችው አንድ ቀን ጠዋት። «አባቴ ሳያዩኝ ሊሞቱ ነው። አንድ ነገር አድርግ።»

ሀቢቡላህም አደረገ። መኪና ገዛ።

መኪናዋ የተገኘችው ሰኮሩ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ አብተው የሚባል ሰውዬ ግቢ ውስጥ ነው። ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን ናት፤ አራቱም ጎማ የሚጎትት። ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ አልተገኘም። የኋላ ወንበሯ ላይ ሦስት ትውልድ ዶሮ ተፈልፍሏል፤ ወለሏ ላይ የበቀለው ሣር ለአንዲት ጥጃ ቁርስ ይበቃል።

«ትነሳለች?» አለ ሀቢቡላህ።

«እንዴ ጋሼ! የእሷ ችግር መነሳት አይደለም» አለ አብተው ደረቱን ነፍቶ። «መቆም ነው።»

«ፍሬን የላትም ማለት ነው?»

«እሱም አለበት።»

ሀቢቡላህ በሯን በጣቱ ገፋ አደረገ፤ ጣቱ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ጅማ በእግሩ ይሮጥ ነበር። የጆንያ ጠጋኙ ፊት ግን በራ፤ ቀዳዳ እሱ የሚያውቀው በሽታ ነው። ሊብሬዋን ኪሱ ከቶ፣ ከአይሱዙ ኋላ አሳስሮ ወደ ጅማ አስጎተታት። የሁለት ሰዓቱ መንገድ ሁለት ቀን ፈጀ። በመንገድ ላይ የተበጠሰው ገመድ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ዕንባቆም የሚባል ከሆሳዕና የመጣ በያጅ አለ። ሙያው የግቢ በርና የመስኮት ብረት ነው፤ መኪና ነክቶ አያውቅም። ነገር ግን ብረት በማለስለስ የሚስተካከለው ስለሌለ ሀቢቡላህ እሱ ደጅ ላይ አቆማት። ሞተሯ ከአንዲት የተገለበጠች ፒክአፕ መጣ፣ ካምቢዮዋ ከሌላ፣ መሪዋ ከየት እንደመጣ አላህ ያውቃል። ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት አምስት ወር ሙሉ የቴክኒክ ኮሌጅ ሆነ። ማኪያቶ የያዘ ሁሉ መካኒክ ነው፤ ሁለት የጠጣ መሐንዲስ ነው።

«ቴስታታው ነው የተቃጠለው!» ይላል አንዱ።

«ኧረ ፍሪሲዮኑ ነው!» ይላል ሌላው።

መኪናዋ ያኔ ገና ሞተር አልገባላትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀቢቡላህ ከፊት ጎማዋ አጠገብ ያለውን የወለል ብረት፣ ሻንሲውን ሲጠርግ፣ ከጭቃው ሥር የተቀረጸ የፊደልና የቁጥር ረድፍ አገኘ።

«ዕንባቆም! ይኼ የማን ምልክት ነው?»

«የድሮ ባለቤቷ ይሆናላ ጋሼ። ይተዉት፣ ማንም አያየውም።»

«እኔ አየሁት እኮ! ሚስቴን የሰው ምልክት ላይ ጭኜ አባቷ ቤት ልወስዳት ነው? አጥፋልኝ!»

«ጋሼ፣ ምናልባት የሚያስፈልግ ነገር እንዳይሆን...»

«ሠላሳ ዓመት ምልክት ሳጠፋ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

ዕንባቆም ከጌታ ቀጥሎ የሚፈራው ሽማግሌ ነው። ግራይንደሩን አስነስቶ ብረቱን መስታወት አስመሰለው። በላዩ ስቱኮ፣ በስቱኮው ላይ ቀለም ቀባ። ኮፈኑ ሥር ተመሳሳይ ጽሑፍ ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች፤ እሷም በዚያው ተነቅላ ተጣለች። ሀቢቡላህ ቦታውን በጣቱ ዳሰሰና «ማሻአላህ» አለ። «አሁን የኔ ሆነች።»

መኪናዋ ስታልቅ ነጭነቷ ዓይን ያጠፋ ስለነበር ሰፈሩ በቀትር መጋረጃ ዘጋ። የቀረው መንገድ ትራንስፖርት ግቢ ሄዶ፣ ምርመራ አልፎ ስም ማዞርና ቦሎ መለጠፍ ብቻ ነው። ረይሃና ከዚያው በቀጥታ ጌራ ሊሄዱ ነውና፣ በመኪና እንደሚመጡ ለአባቷ አስቀድማ ልካ፣ ጋቢና ማር ይዛላቸው የፊት ወንበር ላይ ተሰየመች።

መርማሪዋ ፍሬሰላም የምትባል ወጣት ናት። ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን አየች፤ ሁሉንም ወደደች። ከዚያ ሊብሬውንና የእጅ ባትሪ ይዛ ጎንበስ አለች። እዚያው ቆየች።

«አባባ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የታለ?»

«የምን ቁጥር?»

«እዚህ ጋ የተቀረጸ መኖር አለበት። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አመሳክረዋለሁ።»

«አሃ፣ ያ ምልክት!» የሀቢቡላህ ፊት በኩራት ፈካ። «ተፍቆ ነው የጠፋው። በአጉሊ መነጽር ብትፈልጊም አታገኚው።»

ፍሬሰላም ቀና ብላ ባትሪውን አጠፋች።

«አባባ፣ ይኼ ቁጥር የሚጠፋው መኪና ሲሰረቅ ነው።»

«ወላሂ እኔ ራሴ ነኝ ያስጠፋሁት!»

«እሱን ጮክ ብለው አይናገሩ» አለች በሐዘኔታ።

የሞተሩ ቁጥርም የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የመጀመሪያ ባለቤቷ መጥቶ እስኪመሰክር መኪናዋ እዚያው ግቢ እንድትቆም ተወሰነ። የመጀመሪያ ባለቤቷ ከሃያ ዓመት በፊት የተዘጋ አንድ ፕሮጀክት ነው። ከእሱ ወዲህ የያዟት ሰባት ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ስልክ አያነሱም። አብተውም ስልክ ከማያነሱት ወገን ሆነ።

ረይሃና ከወንበሩ አልወረደችም።

«ጌራ ደረስን?» አለችው። የቀለደች መስሎት ሊስቅ ሲል ዓይኗን አየ። ጋቢውንና ማሩን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ለአባቴ ማን ይንገራቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ሀቢቡላህ ጋቢውንና ማሩን አቅፎ፣ ከባለሞተር ኋላ ተፈናጥጦ ዳገቱን ወጣ። የሚናገረውን መንገዱን ሙሉ አጠና። ልጅዎ አትመጣም፤ መኪናዋ ታግዳለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይይዘዋል።

ሲደርስ የመንደሩ ልጆች አባቦራን ከነአልጋቸው ደጅ አውጥተዋቸው ነበር። ዓይናቸው ፈዟል።

«ድምፁ ቀጠነብኝ» አሉ ጆሯቸውን አቅንተው። «የመኪና እንዲህ ነው እንዴ?»

«አባ፣ ይኼ ሞተር ነው። መኪናዋ...»

«ከኋላ ናት? ቶሌ፣ እሺ፣ ግድ የለም፣ አትቸኩሉ። ረይሃናዬን ቀስ ብለህ አምጣልኝ፣ ዳሌዋን እንዳያማት።» የከሳ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ወደ ጓሮው ጠቆሙ። «ቦታ አዘጋጅቼላችኋለሁ። እየው እስቲ።»

ሀቢቡላህ ዞሮ አየ። አባቦራ በጉብዝናቸው ዘመን በእጃቸው ከተከሉት ቡና አሥራ ስምንት እግር ተቆርጧል። ግንዶቹ ዳር ላይ ተከምረዋል፤ ያልተለቀመው ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ጠቁሯል። ጉቶው ሁሉ ተነቅሎ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ እንደ አውድማ ተጠርጓል።

«መኪና መዞሪያ ካላገኘ አይመጣም ሲሉ ሰማሁ» አሉ ሽማግሌው። «ይበቃታል? ልጆቹ ይጠባል ይላሉ። ካልበቃ ከወዲያ በኩል ያለውንም አስቆርጣለሁ።»

ሀቢቡላህ ያጠናውን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከሦስቱ አንዱም አልወጣ አለው። ሄደና ቦታውን በእርምጃ ለካ፤ በርዝመቱ፣ ከዚያ በወርዱ፣ ከዚያ እንደገና በርዝመቱ።

«ይበቃታል አባ» አለ። «ይተርፋታል።»

«አልሐምዱሊላህ! መቼ ልትደርስ ነው?»

«ኢንሻአላህ...» አለ።

ይኼኔ ባለሞተሩ ሞተሩን እየገፋ መጣና ደልዳላ መሬት ስላገኘ መሐሉ ላይ አቆመው።

«ወደ ዳር አድርገው» አለው ሀቢቡላህ። «እዚያ መኪና ይቆማል።»