በቫል ወንዝ የተደረገ ጥምቀት

በኮሮና ምክንያት ጉባኤ የተከለከለበት የደቡብ አፍሪካ ብርዳም ክረምት ነበር። ሮዘተንቪል ያለው የጸሎት አዳራሻችን ተቆልፏል፤ የጥምቀት ገንዳውም ደርቋል። የአክስቴ ልጅ ግን መጠመቅ ነበረበት። እጮኛው አገር ቤት ናት፤ አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ላልተጠመቀ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለዋል። ጥምቀት የሚሉትም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ልማድ መላ አካል ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ስላሉ በስልክ እንድቀርጽ የታዘዝሁት እኔ ነኝ።

እሱን የጨነቀው ውሃው ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመጣ የተሳፈረባት ጀልባ ማላዊ ሐይቅ ላይ ተገልብጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ አያውቅም። ዝናብ ሲጥል አሌክሳንድራ ሰፈር ባለው ሱቃችን ደጃፍ የሚተኛውን ኩሬ እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው።

የአዳራሻችን ወንጌላዊ፣ የአክስቴ ልጅ፣ እኔና ባኪውን፣ ማለትም ፒክአፑን፣ የሚነዳልን የአገራችን ልጅ ሆነን በጠዋት ወደ ቫል ወጣን። አውራ ጎዳናው ጭር ብሏል። ሣሩ በውርጭ ተቃጥሎ ገለባ መስሏል።

ቫል ጸጥ ያለ ወንዝ ነው፤ ቅጠል ካልጣሉበት ወዴት እንደሚፈስ አይታወቅም። ዳሩ ላይ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ረግፎ ቀጫጭን ቅርንጫፎቻቸው ውሃው ድረስ ወርደዋል። ከማዶ አንድ ሽማግሌ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ዓሣ ያጠምዳሉ። ወንዙ ወሰን ስለሆነ እሳቸው የተቀመጡበት ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ በዚያ ሰሞን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መሻገር ክልክል ነበር።

«ወንጌላዊ፣ ብዙ እንዳይገቡ» አለ ሹፌሩ። «መሐሉን ካለፋችሁ ያለ ፈቃድ ተጠመቀ ይሉታል።»

የጥምቀት ቀሚሶቹ አዳራሹ ውስጥ ስለተቆለፈባቸው የአክስቴ ልጅ የለበሰው በሱቅ የምንሠራበትን ነጭ ካፖርት ነው። እስከ ወገቡ ገባ። እኔ ከዳር ሆኜ በስልኩ እቀርጻለሁ። ወንጌላዊው አንድ እጃቸውን ደረቱ ላይ፣ ሌላውን ጀርባው ላይ አድርገው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብለው ወደ ኋላ አስተኙት።

የአክስቴ ልጅ አንገታቸውን አነቀ። እሳቸው ከነጭምብላቸው ሰጠሙ፤ እሱ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ፊቱን ከውሃው በላይ አቀና።

«እኔ ወንጌላዊ ድሮ የተጠመቁ መስሎኝ ነበር» አለ ሹፌሩ።

ወንጌላዊው እያሳላቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሉ በሙሉ ገብቷል?»

የአክስቴ ልጅ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ፊቱ አልገባም» አልኩ። ቪዲዮውም የሚለው ይህንኑ ነው።

«አንተ ደግሞ ሚሊሜትር ትለካለህ» አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«እኔ ባልለካ አማትህ ይለካሉ።»

ወንጌላዊው ሌላ ቀን እንመለስ አሉት። እሱ ውሃውን አየት አደረገና «ሌላ ቀን ከሆነ አልመጣም» አላቸው። «አሁን ይሁን። ግን አይያዙኝ። ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራኝ የሰው እጅ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ጥምቀት ወንጌላዊውም አላዩም መሰለኝ፤ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ መዳፋቸውን ከራሱ በላይ ዘርግተው ሳይነኩት ቃሉን ደገሙ። እሱ አፍንጫውን ይዞ ተንበረከከ። አገጩ፣ ግንባሩ፣ በመጨረሻ ፀጉሩ ገባ። አየር የሞላው የካፖርቱ ጀርባ ተነፋና ቀስ ብሎ ተከተለው። ውሃው ገጠመ። ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ብድግ ብለው ያያሉ። ሹፌሩ እንኳ አልቀለደም።

ሲወጣ ያለቀሰ ይሁን ውሃው ይሁን መለየት አልቻልኩም።

ቪዲዮውን ባኪው ውስጥ ሆነን ላክሁት። የአክስቴ ልጅ ልብሱን ሳይቀይር የእጮኛው አባት ደወሉ፤ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጌ ያዝሁለት።

«አየሁት» አሉ። «የወንጌላዊው እጅ ለምን አልነካህም?»

«አይያዙኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።» ከዚያ እኔም ሰምቼ የማላውቀውን ነገራቸው። ጀልባዋ ስትገለበጥ አንድ ሰው ከሥር እግሩን ይዞት ነበር። እጁ ሲላላ ነው የአክስቴ ልጅ ወደ ላይ የወጣው። ሰውየው አልወጣም።

አባትየው ስለ ቪዲዮው ሌላ አልጠየቁም።

«ሰውየው የማን ልጅ ነበር?» አሉ።

«አላውቅም። የሆሳዕና ልጅ ነኝ ብሎኝ ነበር።»

«ተጠምቀሃል፣ ልጄ» አሉት። «እርጥቡን ልብስ አውልቅ፣ ብርድ ይመታሃል። ቆይ፣ እሷን ላቅርብልህ።»

እኔ፣ ሹፌሩና ወንጌላዊው ከባኪው ወርደን በሩን ዘጋንለት።