ያላቆምሁት ሰዓት

ይህን እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። አሁን የምናገረው ነገ አባቴ ወረታ ስለሚወርዱ ነው።

ሥራዬ ፋብሪካዎች ምን ያህል ከብክነት እንደ ራቁ መለካት ነው። ከንቱ መመላለስ፣ መጠበቅ፣ ሥራ የፈታ እጅ፣ ሁሉንም በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። ወረታ ውስጥ ባለ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ገብቼ፣ ጠጠር በሰፌድ የሚያንገዋልሉትን ሴቶች ስለካ አባቴ ብቅ አሉ። አባቴ ይፋግ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ለገበያ ወጥተው ልጃቸው ሲሠራ ሊያዩ ጓጉተው ነበር። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን እያስቀመጡ መስቀል ሊሳለሙ ተነሡ። እዚህ አገር ቄስ ገብቶ ማን ቁጭ ይላል? ከሴቶቹ አንዷ፣ የአባቴ የነፍስ ልጅ ታንጉትማ፣ ለታመመ ልጇ እስኪጸልዩላት ድረስ ከሁሉም ዘገየች። እኔም ተሳለምሁ። ሰዓቱ ግን እጄ ላይ ይቆጥር ነበር።

አቁሜ እንደ ገና መለካት ነበረብኝ። አላቆምሁም። ለምን? እንዳይመሽብኝ ብዬ? ወይስ ብክነት ያላገኘ ለኪ እሱ ራሱ ሥራ ፈት ይመስላል ብዬ? ሁለቱም ነው። «ያለ ሥራ መቆም» ብዬ ጻፍሁት። የማን ሰፌድ አብዝቶ እንደ ቆመም ጻፍሁ። እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ ሌላ ማንም አይደለም። የመፈልፈያው ባለቤትም ጽሑፌን አይቶ ታንጉትን አሰናበታት።

ሰሞኑን አባቴ፣ «ልጄ፣ ታንጉትን ሥራ ፈት ነሽ ብለው አስወጧት አሉ። ልጇ እንደ ታመመ ነው። አንተ ከሰውየው ጋር ትተዋወቅ የለም? እንዲያው አንድ ቃል ተናገርላት» አሉኝ።

«እሽ» አልሁ። አልተናገርሁም። ምን ብዬ? ለአባቴም ቢሆን ምን ብዬ ልንገራቸው? የባረኳት ቡራኬ እንጀራዋን አሳጣት ልበል? ቡራኬው አይደለም፤ እኔ ነኝ ያሳጣኋት።

ዛሬ ደግመው ጠየቁኝ። «አልተመቸኝም» አልሁ።

«በል እንግዲያ፣ ነገ እኔው ሂጄ እለምነዋለሁ» አሉ።

ሰውየው የሚመልስላቸውን አውቃለሁ፤ «አባ፣ የለካትኮ የእርስዎ ልጅ ነው» ይላቸዋል። አባቴም ሴቶቹን መስቀል ያሳለሙበትን ያን ቀን አይረሱትም። ቀድሜ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ። ወጣት ነኝ፣ ለሥራው አዲስ ነኝ ብዬ አላመካኝም። የማደርገውን አውቅ ነበር።

አሁን ጋቢያቸውን ለነገ እያጠፉ ሳሉ ፊቴን አይተው ደከመህ መሰለኝ አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን አስነኩኝ።

«እግዜር ሥራህን ይባርክልህ» አሉኝ።

አሜን አልሁ።